ባክቴሪያው ሞቶ መርዙ ሲቀር

አባ ሰንጋ ቆዳ ላይ ሲወጣ አያምም፤ የሚያሳስተውም ይኸው አለማመሙ ነው። መጀመሪያ ትንኝ የነከሰው የሚመስል የሚያሳክክ እብጠት ይወጣል። በአንድ ሁለት ቀን ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ መሐሉ ጎድጎድ ይልና እንደ ከሰል የጠቆረ ቅርፊት ይይዛል። ዙሪያው ግን ለዚያች ቁስል በማይመጥን መጠን ያብጣል፤ ጣት ላይ ወጥቶ ክንድ ድረስ፣ ጉንጭ ላይ ወጥቶ ዓይን እስኪያስጨፍን። ሰውየው "ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ" ብሎ ቅባት ቢጤ ቀብቶበት ሥራው ላይ ይውላል።

ያ እብጠት የመርዝ ሥራ ነው። ባክቴሪያው ቁስሉ ውስጥ ተቀምጦ መርዙን ይረጫል፣ መርዙ ሥጋውን በውኃ ይነፋዋል። አንቲቦዲ ሰውነት ጠላቱን ለይቶ የሚይዝበት ፕሮቲን ነው። ከእሱ ስለተሠሩት፣ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ስለሚባሉት መድኃኒቶች ብዙ ይወራል፤ ካንሰሩንም ኮቪዱንም አዳርሰው ለባክቴሪያም ደርሰዋል ይባላል። ባክቴሪያውን ከመርዙ ለይቶ ያላየ ሰው ግን የእነዚህን መድኃኒቶች ነገር ወይ ተአምር ያደርገዋል፣ ወይ ከንቱ። አባ ሰንጋ ለማስረዳት የሚመቸኝ መድኃኒቱ በእርግጥ ተሠርቶ የተፈቀደለት በሽታ ስለሆነ ነው፤ በዚያ ላይ የኛው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ከእንስሳት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ቅደም ተከተል ሲወጣላቸው ከእብድ ውሻ በሽታ ቀጥሎ ሁለተኛ የተቀመጠው እሱ ነው። ሰንዳፋ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ፣ ገላን ድረስ ከተማው እየሰፋ ሲሄድ በአንድ አጥር ኮንዶሚኒየም፣ በሚቀጥለው አጥር የከብት በረት ሆኗል።

መርዙ ከሦስት ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው፤ አንዱም ብቻውን ጉዳት የለውም። አንደኛው በር ከፋች ነው። በሳይንሱ ስም ፕሮቴክቲቭ አንቲጅን ይባላል፤ ክትባት የሚሠራው በእሱ ላይ ስለሆነ "ተከላካይ" አሉት እንጂ ጠባዩስ ለሌባ መቀርቀሪያ የሚያነሳ የቤት ሰው ነው። የሴላችን ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ፉሪን የሚባል የራሳችን ኢንዛይም ከላዩ ቁራጭ ይቀነጥብለታል፤ የቀረው ሰባት እየሆነ ቀለበት ይሠራል። ሌሎቹ ሁለት ፕሮቲኖች ቀለበቱ ላይ ይሳፈራሉ። ሴሉ ሁሉንም ባንድ ጉርሻ ይውጣቸዋል። የተዋጡበት ከረጢት ኮምጠጥ ሲል ቀለበቱ ቧንቧ ይሆንና ተሳፋሪዎቹን ወደ ውስጥ ያሾልካል። አንደኛው ተሳፋሪ የሴሉን የመልእክት ሰንሰለት ይቆራርጣል፤ ሁለተኛው ሴሉ ፈሳሹን መቆጣጠር እስኪያቅተው ያውከዋል። እብጠቱ የዚህ የሁለተኛው ነው።

እንግዲህ በአንድ በሽተኛ ላይ መርዙን ሦስት ቦታ አስቡት። ገና ያልተመረተ አለ፤ ተመርቶ በደምና ሳንባና ሆድ ዙሪያ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ የሚዞር አለ፤ ሴል ውስጥ ገብቶ ያበቃለት አለ። አንቲባዮቲክ ፋብሪካውን ይዘጋል። አንቲቦዲ የሚዞረውን ይይዛል፤ በር ከፋቹ ላይ ተጣብቆ ሴሉን እንዳይነካ ያደርገዋል። የገባውን የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም። ደሙ ውስጥ ባክቴሪያ ጠፍቶ እንኳ በሽተኛ የሚሞተው ለዚህ ነው፤ ሐኪሙ ጦርነቱን አሸንፎ ሰውየውን ያጣል።

ሐሳቡ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሚስማር የወጋው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ "የቲታነስ መርፌ" ሲወጋ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ክትባት ነው፤ ሰውነት ራሱ አንቲቦዲ እንዲሠራ ያስተምራል፣ ጊዜ ይፈልጋል። ሌላው ቲኤቲ የሚሉት ነው፤ ከፈረስ ደም የወጣ፣ ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ፣ ለመከላከያ 1500 ዩኒት። ነርሷ አስቀድማ ክንድ ላይ ጥቂት ወግታ የምታስጠብቀው ሰውነት በፈረስ ፕሮቲን ሊቆጣ ስለሚችል ነው። ቲኤቲም ነርቭ ውስጥ የገባውን መርዝ አያወጣም። መንጋጋ ቆልፍ አንዴ ከያዘ መድኃኒቱ ተወግቶም ሰውየው ለሳምንታት የሚገታተረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን መንገድ ቤሪንግና ኪታሳቶ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1890 ጀርመን ውስጥ ከፈቱት። ለሰማንያ አምስት ዓመት ያህል ሥራው የፈረስ ሥራ ሆኖ ቆየ፤ በ1975 ኮለርና ሚልስታይን የሚባሉ ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች አንድ አንቲቦዲ አምራች ሴል ከካንሰር ሴል ጋር አዳቅለው የማይሞት ዘር አገኙለት። የፈረሱ ሴረም ሠርገኛ ጤፍ ነው፤ ቀዩም ነጩም፣ የሚጠቅመውም የማይጠቅመውም ተደባልቆበታል። ሞኖክሎናሉ ከአንዲት ፍሬ ተባዝቶ ጎተራ የሞላ ማኛ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም አንድ ቦታ ብቻ የሚይዝ። ጥንካሬውም ድክመቱም እዚሁ ላይ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ለአባ ሰንጋ የተፈቀዱት ሞኖክሎናሎች ሁለት ናቸው። ራክሲባኩማብ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ መግቢያ፣ በእነሱ ዲሴምበር 2012 ተፈቀደ፤ ኦቢልቶክሳክሲማብ በማርች 2016። ሁለቱም የሚይዙት ያንኑ በር ከፋች ነው። የተፈቀዱት ከአየር ተስቦ ሳንባ ለሚገባው ዓይነት ሲሆን የተገዙትም የሽብር ጥቃት ቢደርስ ተብሎ ለአሜሪካ ብሔራዊ ክምችት ነው። መነሻው ግልጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የአባ ሰንጋ ስፖር ባለበት፣ በፖስታ በተላከ ዱቄት 22 ሰው ታሞ 5 ሞቷል።

ሰው ላይ እንዴት ተፈተኑ ለሚል፦ ሕመምተኛ ላይ አልተፈተኑም። ሆን ብሎ ሰውን በአባ ሰንጋ ማሳመም አይቻልም፣ ሕመምተኛውም ለጥናት በሚበቃ ቁጥር አይገኝም። ስለዚህ ውጤታማነታቸው በጥንቸልና በዝንጀሮ ታየ፣ ደኅንነታቸው በጤነኛ ሰው። በራክሲባኩማብ ጥናት መድኃኒቱን ብቻ ካገኙት ጥንቸሎች 44 ከመቶ፣ ከዝንጀሮዎቹ 64 ከመቶ ሲተርፉ ያላገኙት በሙሉ ሞተዋል። ይህ ቁጥር ያስደንቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላኛው ነው፤ ዘግይቶ ሕክምና በተጀመረላቸው ጥንቸሎች አንቲባዮቲክ ብቻውን 65 ከመቶውን ሲያተርፍ አንቲቦዲ ሲታከልበት 82 ሆነ። ማለትም አብዛኛውን ሥራ የሠራው ተራው አንቲባዮቲክ ነው።

አሰጣጡን በቅርብ እንየው። 58 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ አለን እንበል። ራክሲባኩማብ በኪሎ 40 ሚሊግራም ነው፤ 2320 ሚሊግራም። ብልቃጡ በሚሊ ሊትር 50 ሚሊግራም ይይዛል፣ ስለዚህ 46.4 ሚሊ ሊትር ይቀዳል፤ ባለ 34 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ ሁለት ይከፈታል። ከ250 ሚሊ ሊትር የኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ከረጢት መጀመሪያ ያንኑ ያህል ይወጣና መድኃኒቱ ይተካበታል፤ ይህን የዘለለ ሰው የሚሰጠው መጠን ሳይሆን የሚሰጥበት ፍጥነት ይዛባበታል። ከረጢቱ በቀስታ ይገለበጣል እንጂ አይናጥም። ሲናጥ ፕሮቲኑ አረፋ ይሠራል፣ ይጓጉላል፣ የጓጎለ ፕሮቲን ደግሞ ሰውነት የሚቆጣበት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አስቀድሞ ከ25 እስከ 50 ሚሊግራም ዳይፈንሃይድራሚን የሚባል የአለርጂ መድኃኒት ይሰጣል፤ ከዚያ በሁለት ሰዓት ከሩብ ይንጠባጠባል፣ የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በጣም ቀስ ብለው። ኦቢልቶክሳክሲማብ በኪሎ 16 ሚሊግራም ስለሆነ ለዚሁ ሰው 928 ሚሊግራም ይደርሳል፤ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። ድንገተኛ የአለርጂ ድንጋጤ ያስከትላል የሚል ከባድ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈው በእሱ ላይ ነው፤ አድሬናሊን ተቀድቶ አልጋው አጠገብ ካልተቀመጠ አይጀመርም።

ሁለቱም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣሉ። መብራት በሚሄድበት ሰፈር ሰው የሚፈራው ሙቀቱን ነው፤ እኔ ይበልጥ የምፈራው ቅዝቃዜውን ነው። መብራት ሲመለስ ፍሪጁ እየጮኸ ሲያቀዘቅዝ፣ ከበረዶ ቤቱ ግድግዳ የተጠጋ ብልቃጥ ይረጋል፣ ይሟሟል፣ ሲያዩት ግን እንደ ነበረ ነው። ፍሪጁ መሞቁ ይታወቃል፤ ብልቃጡ ረግቶ መሟሟቱ ግን አይታወቅም።

እንግዲህ ለአባ ሰንጋ ከተሳካ ለሌላውስ? ሁልጊዜ የምንጠየቀው ይኸ ነው፤ መልሱ አያስደስትም። እ.ኤ.አ. በ1991 ለከባድ የደም መመረዝ ተስፋ የተጣለበት ኤችኤ-1ኤ የሚባል አንቲቦዲ አውሮፓ ውስጥ ገበያ ገብቶ በሁለተኛው ጥናት የሚያተርፈው ሰው ስላልተገኘ በ1993 ተነሳ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው፣ ቁስል መግል የሚያስይዘው ባክቴሪያ ደግሞ ራሱ የተማረ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ፕሮቲን ኤ አንቲቦዲውን በጅራቱ ይዞ ገልብጦ ያንጠለጥለዋል፣ መርዙም አንድ ሳይሆን ብዙ ነው። በየጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ የሚያስቸግረን ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ70 በላይ ዓይነት ካባ አለው፤ አንዱን ካባ የሚይዝ አንቲቦዲ ሌላውን ለብሶ ለመጣው አይሠራም። ማኛው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚይዘው ያልኩት እዚህ ላይ ይጎዳል።

የሚሳካው በሽታው ሁሉ በአንድ መርዝ ላይ ሲንጠለጠል ነው። አባ ሰንጋ እንደዚያ ነው፣ መንጋጋ ቆልፍ እንደዚያ ነው፤ ቻይና በ2025 ለመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ በፈረስ ሴረም ፋንታ ሞኖክሎናል ፈቅዳለች። ከአንቲባዮቲክ በኋላ አንጀት ላይ የሚነሳው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲልም እንደዚያው ነበር። ቤዝሎቶክሱማብ በኪሎ 10 ሚሊግራም አንዴ ተሰጥቶ የበሽታውን መመለስ ከ28 ወደ 17 ከመቶ አወረደ፤ ሠራ። ሆኖም አምራቹ በጃንዋሪ 2025 ከገበያ አወጣው። መሥራት ብቻውን መድኃኒትን መደርደሪያ ላይ አያቆይም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ፤ ሰዓቱ የሚባክነው እዚህ ነውና።

ቅርጫ ስንገባ በሬው ከካራ ገበያም ይምጣ ከጎረቤት በረት፣ ከመታረዱ በፊት የሚያየው የእንስሳት ሐኪም የለም። ቄራ ከመታረዱ በፊትም ከታረደ በኋላም ይመረመራል፤ ግቢ ውስጥ ግን ዳኛው ዓይን ነው፣ ዓይን ደግሞ የሚያየው ስቡን። አደጋው ያለው ጤነኛው የበዓል ሰንጋ ላይ አይደለም። አደጋው ድንገት ሆዱን ነፍቶ ሲንገዳገድ "ሳይሞት ቢላዋ ይድረስበት" የተባለው ላይ ነው። ባለቤቱን መውቀስ ይቀላል። ነገር ግን በሬው ሞቶ ቢቀበር ካሳ የሚከፍለው የለም፣ ቢያርደው የገንዘቡን ግማሽ ያገኛል። ሥጋው ረከስ ብሎ ይሸጣል፤ በልቶ የማያውቀውም ይገዛል። በሽታውን የሚያሰራጨው ይህ ሒሳብ ነው ብዬ አምናለሁ፣ አለማወቅ ሁለተኛ ነው።

አራጁና ብልት የሚያወጡት እጃቸው ላይ ይያዛሉ፣ ጥሬውን የበሉት ጉሮሯቸውና ሆዳቸው ላይ። የቆዳው ዓይነት በአብዛኛው በሳምንት ውስጥ ይታያል፤ ሳይታከም እስከ 20 ከመቶ ይገድላል፣ በጊዜ ከታከመ ከመቶ አንድ አይሞላም። ለቀላሉ የቆዳ ዓይነት ሲፕሮፍሎክሳሲን 500 ሚሊግራም ወይም ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከከብት ለመጣ ከ7 እስከ 10 ቀን፤ ሁለቱም የከተማ ዳር መድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ያሉ ናቸው። የሚያዘው ግን አይቶ የመረመረ ሐኪም ነው። ጥቁሩ ቅርፊት አይቀደድም፣ አይፋቅም። መግል የለውም፤ ልፍረጠው ያለ ሰው የሚያተርፈው ባክቴሪያውን መበተን ነው። መድኃኒት ተጀምሮም ቅርፊቱ እስኪደርቅና እስኪወድቅ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። ይህን ያልተነገረው በሽተኛ "አልሠራልኝም" ብሎ በሦስተኛው ቀን ያቋርጣል፤ ባክቴሪያው ሞቶ የመርዙን ጠባሳ እያየ መሆኑን ማን ነገረው?

የሆዱ ዓይነት ግን ከሐኪም ዓይን የሚሰወረው ሌላ ስም ሲሰጠው ነው። ትኩሳት፣ ትውከት፣ የሆድ ሕመም ይዞ የመጣ ሰው ደሙ ይታይና "ታይፎይድ ነው" ይባላል። የሚሰጠው ሲፕሮ የሚዋጥ ስለሆነ ትኩሳቱን ሊያበርድለት ይችላል፤ ደም ውስጥ ለገባ አባ ሰንጋ ግን አይበቃም። ሁለት ሦስት መድኃኒት በደም ሥር፣ አንዱም የግድ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ የሚያግድ መሆን አለበት፤ ክሊንዳማይሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ሊኔዞሊድ። ምክንያቱ ከላይ ያየነው ነው። መርዙ ፕሮቲን ነው፤ ባክቴሪያው ሳይሞት እንኳ እጁ ከታሰረ መርዝ አይሠራም። ሳንባ ዙሪያና ሆድ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ደግሞ በመርፌና በቱቦ መቀዳት አለበት፤ ያ ውኃ የመርዝ ማጠራቀሚያ ነው። እነዚህን ሁለቱን የድሀ አገር ፀረ መርዝ እላቸዋለሁ። ብልቃጡ ባሕር ማዶ ቢቆለፍም ክሊንዳማይሲንና የውኃ መቅጃ ቱቦ ሪፈራል ሆስፒታል አይጠፋም፤ የሚጠፋው "ሰሞኑን የታረደ ከብት ነበር ወይ? አብሮህ የበላ ሌላ የታመመ አለ ወይ?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው። አዎ ከተባለ ላብራቶሪ ሳይጠበቅ ለወረዳው ወዲያው ይነገራል፤ አባ ሰንጋ ሳምንታዊ ሪፖርት የሚጠብቅ በሽታ አይደለም። የደም ናሙናው ደግሞ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰዳል፣ ከአንድ ዶዝ በኋላ የሚበቅል ነገር ላይገኝ ይችላል።

ከብቱ ድንገት ሞቶ ከአፍንጫው፣ ከአፉ፣ ከኋላው ጠቆር ያለ የማይረጋ ደም ከፈሰሰና ሬሳው ሳይገተር ከቆየ አይከፈትም። ቆዳው አይገፈፍም፣ "ጣፊያውን አይተን እናረጋግጥ" አይባልም። ባክቴሪያው በተዘጋው ሬሳ ውስጥ ከብስባሹ ጋር እየተጋፋ በጥቂት ቀን ያልቃል፤ አየር ሲያገኝ ግን ስፖር የሚባል፣ በጠንካራ ሽፋን የተጠቀለለ ዘር መሰል ነገር ይሆናል፣ ስፖር ደግሞ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ቢቻል ይቃጠላል፣ ካልተቻለ ሁለት ሜትር ተቆፍሮ ይቀበራል። ኖራ መነስነስ የተለመደ ስህተት ነው። ካልሲየሙ ስፖሩን እንዲቆይ ያግዘዋል እንጂ አይገድለውም። በዓመት አንዴ የሚሰጠው የከብት ክትባት ቢሾፍቱ የሚመረት ነው፤ ሕያው ስፖር ስለሆነ በዚያው ሰሞን አንቲባዮቲክ የተወጋ ከብት ክትባቱ ይከሽፍበታል። ገበሬው ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን ቢያስወጋ ድካም የቀነሰ ይመስለዋል።

ናሙና ለመውሰድ የጆሮ ደም ሥር ይበቃል። ጓንት ያደረገ ባለሙያ ጫፉን በትንሹ ቆርጦ አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ያሰጣና ቁርጡን በፎርማሊን በራሰ ጥጥ ይደፍናል። መስታወቱ በፖሊክሮም ሜቲሊን ብሉ ሲቀባ፣ ጫፋቸው አራት ማዕዘን የሆነ ሰማያዊ ዘንጎች በሮዝ ካባ ተጠቅልለው፣ ተርታ ይዘው ይታያሉ። ማረጋገጫው ሰበታ ካለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመጣል።

በሬው አስቀድሞ ታርዶ መደቡ ተከፋፍሎ ከሆነ ግን ሥጋው ከየቤቱ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ቋንጣ የተሰቀለውም ጭምር፣ ማድረቅ ስፖርን አይነካውምና። ቢላዋውንና መጥረቢያውን በአረቄ ወይም በአልኮል መጥረግ ዋጋ የለውም፤ በረኪናም ደም ላይ ሲፈስ ኃይሉ ይሰበራል። መጀመሪያ ደሙ ይታጠባል፣ ከዚያ ብረቱ ውኃ ውስጥ ጠልቆ፣ ውኃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቀቀላል። የእንጨት እጀታው ተነቅሎ እሳት ውስጥ ይገባል።